የንግግሩ የመጀመሪያ አድማጭ

«እዚህ ጋ ቢቆረጥ አይሻልም?» የሚል የልጅ ድምፅ ከቢሮው መስኮት ሲወጣ፣ ደወል የእናቷን ምሳ እንደያዘች ግድግዳው ሥር ደርቃ ቀረች።

ያ ድምፅ የእሷ መሆን ነበረበት። በዚህ ዓለም ላይ ለእናቷ «እዚህ ጋ ይቆረጥ» የማለት መብት ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ቢያንስ እስከዚያች ሐሙስ ድረስ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ደወል የወጣላት ስም ነው። አራት ዓመቷ ላይ፣ እናቷ ገና ምክትል ርዕሰ መምህርት ሳለች፣ ግቢው ውስጥ ስትንከራተት የተንጠለጠለውን ደወል አገኘችና ባላት አቅም ሁሉ ደበደበችው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ገና በማለዳው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ተመመ። መምህራኑ ተማሪውን ከየመንገዱ እየለቀሙ የመለሱበትን ታሪክ ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል። ከዚያን ቀን ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው የስም መጥሪያ ብቻ ነው።

እናቷ አሁን ዋናዋ ርዕሰ መምህርት ናት። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ተማሪው፣ ወላጁና የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት ንግግር ታደርጋለች፤ በዓመቱ ውስጥ ያየችውን፣ የታዘበችውን፣ ስለ ጉርብትናና አብሮ ስለ መኖር ሆዷ ውስጥ ያደረውን ሁሉ የምታወጣው ያን ቀን ነው። ንግግሩ የሚፈተነው ግን ቤት ነበር። እናት በዋዜማው ምሽት ሰማያዊ ኮቷን እየተኮሰች ጮክ ብላ ታነባለች፤ ደወል የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትፈርዳለች።

«ይህን አምናም ብለሽዋል።»

«እሺ፣ ይውጣ።»

«'ኅብረተሰብ' የሚለውን ደጋግመሽዋል። ኅብረተሰብ ማነው? ስልክ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?»

እናት ይሄኔ ካውያውን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። የዓመቱ ሌላው ምሽት ሁሉ የሰው ነው። ስልኩ ይጮኻል፣ ወላጅ በር ያንኳኳል፣ የታመመ ተማሪ አለ፣ የተጣላ መምህር አለ። «ልጆቼ» ስትል ስለ ማን እንደምታወራ ደወል መጠየቅ ካቆመች ቆይታለች። አንድ ቀን እናት ከአንድ ተማሪ አባት ጋር በስልክ ስታወራ እሳት ላይ የተጣደው ድስት አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን፣ አባቷ መስኮቱን እየከፈተ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ነበር። እናት ሳቀች። ደወልም ሳቀች፤ ግን ነገሩ የድስት ነገር ብቻ አልመሰላትም።

አሁን ቢሮው ውስጥ ተቀምጣ የምትፈርደው «አዲሷ» ነበረች።

አዲሷ ሰፈሩ የገባችው ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። የምትኖረው የተማሪ ዩኒፎርም ከምትሰፋ አክስቷ ጋር ነው። የሰፈሩ ሰው ክፍሎቹን ሊቀባ ሲሰበሰብ እሷም ብሩሽ ይዛ መጣች፤ ቀለሙ አልቆ ሰው ሲበተን እሷ ግን ቀረች። መጽሐፍ ስትደረድር፣ ወንበር ስትቆጥር፣ ለዳይሬክተሯ ስትላላክ ዋለች። ከዚያ ወዲህ እራት ላይ «አዲሷ እንዲህ አለች፣ አዲሷ እንዲያ አደረገች» የማይባልበት ቀን ጠፋ። ደወል ልጅቷን ገና በቅጡ ሳታነጋግራት ሰልችታታለች።

«ይቅርታ ቲቸር» አለች አዲሷ ከውስጥ። «ሁሉንም ሰው አመስግነዋል፤ ግን አንድም ሰው አይታየኝም። ፊቱ የሚታይ አንድ ሰው ቢያስገቡበትስ?»

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጥሩ መሆኑ ነው ያናደዳት።

«ውይ! እውነትሽን እኮ ነው» አለች እናት። ወንበሯ ሲንሸራተት ተሰማ። «ፀጉር ሠሪዋን ነዋ! አምና የውሃ መስመራችን ተሰብሮ ልጆቹ በጥም ሲያልቁ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆና በጀሪካን ውሃ ስታቀብለን የከረመችውን ሴት። እንዴት ረሳኋት? ሰኞ በስሟ ጠርቼ ከመቀመጫዋ አስነሣታለሁ። ሕዝቡ ፊት አስጨበጭብላታለሁ!»

«ከአጥሩ ማዶ ሆና? በየቀኑ?»

«በየቀኑ! እንዲህ ያለ አድማጭ ከየት ነው የጣለልኝ በሉ!»

ሁለቱም ሳቁ። ደወል ግን ሳቁን አልሰማችውም፤ የአጥሩ ነገር ትዝ ብሏታል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ያንን ጀሪካን ከአጥሩ ላይ ትቀበል ከነበሩት ልጆች አንዷ ደወል ነበረች። ፀጉር ሠሪዋ ተከራይ ናት፤ ቧንቧው የአከራይዋ ነው። አከራይዋን የሰፈሩ ልጅ «አቶ ቆጣሪ» ይለዋል፤ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ በፒጃማ ወጥቶ የውሃ ቆጣሪውን ስለሚያነብ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ውሃውን የምትቀዳው እሱ ሥራ ከሄደ በኋላ ነበር። «አደራሽን» ብላታለች ለደወል፣ አጥሩን ተደግፋ። «እሱ ከሰማ ዕቃዬን መንገድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።»

አቶ ቆጣሪ የውሃው ፍጆታ ለምን እንዳሻቀበ ሊገባው አልቻለም። ቧንቧ ከመሬት በታች ፈንድቶ ይሆናል ብሎ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራ፤ ግቢውን ከበሩ እስከ ጓሮው እንደ ድንች ማሳ አስቆፈረው። ምንም አልተገኘም። ያኔ ተከራዮቹን ሰብስቦ «ከዚህ ግቢ ጠብታ ውሃ ወደ ውጭ ያሳለፈ፣ በማግስቱ ሌላ ቤት ይፈልግ» አለ። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ፣ አቶ ቆጣሪ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሰኞ ፊት ለፊት፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ደወል ለእናቷ የነገረቻት ውሃውን ማን እንደሚያቀብል ብቻ ነበር። አደራዋን ጠብቃ የአከራዩን ነገር ዋጥ አድርጋዋለች። እናት ታዲያ በምን ታውቅ?

መስኮቱን ማንኳኳት ነበረባት። እጇንም አንሥታ ነበር። ልክ ያኔ እናቷ «ጎበዝ! ጆሮ ማለት ይሄ ነው!» ስትል ሰማች፤ እጇ ተመልሶ ወረደ። እሺ፣ አለች በሆዷ። ያቺ ጎበዝ ጆሮ ስለ አቶ ቆጣሪ ምን ያህል እንደምታውቅ እናያለን።

ምሳውን ለበሩ ዘበኛ ሰጥታ ወጣች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች። ለትምህርት መክፈቻ ሁልጊዜ የምትሠራት ያችው ፀጉር ሠሪ ናት። ቤቱ ለመንገዱ የተጠጋች አንዲት ክፍል ናት፤ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ። የፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ልጅ በነጋታው አንደኛ ክፍል ይገባል፤ አዲሱን ቦርሳ ከጀርባው አላወርድም ብሎ አልጋው ላይ በሆዱ ተኝቷል።

«ቦርሳውን ይዞ ነው ያደረው፣ ታምኚያለሽ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ እያበጠረች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚማ፤ አዲሷ ልጅ መጥታ 'ዳይሬክተሯ ሰኞ እንዳትቀሪ ብለዋል' አለችኝ። እንደው እናትሽ ምን አስባ ነው?»

«እኔ በምን አውቄ እትዬ። አሁን አማካሪዋ ሌላ ናት።»

ማበጠሪያው አየር ላይ ቆመ። ፀጉር ሠሪዋ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። «ምነው እንዲህ ኮመጠጥሽ? ማነው ልጄን የነካብኝ?»

«ማንም።»

«ማንም የሚባለው ሰውዬ ስንቱን አስኮርፏል መሰለሽ!»

ደወል ልትስቅ ከንፈሯን ስትነክስ፣ ከውጭ አንድ ድምፅ አንባረቀ። «ቧንቧው ይንጠባጠባል! ማነው በቅጡ ያልዘጋው?»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ጥላ ወጣች። «እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» ስትል ተሰማ። ስትመለስ እጇን በሽርጧ እያደረቀች በሹክሹክታ ሳቀች። «እያንዳንዷን ጠብታ በስሟ ነው የሚያውቃት።» ከዚያ ሳቋ ሟሸሸ። «ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ከዚህ ብለቅ ደንበኛዬ ሁሉ ይበተናል። ልጁንም ይኸው አጥሩን ተሻግሮ የሚማርበት አገኘሁለት። መቻል ነው።»

አሁን ንገሪያት፣ አላት አንድ ነገር። «ነገ አትምጪ» ማለት ብቻ ይበቃል። ግን እንዴት አወቅሽ ስትባል ምን ትላለች? መስኮት ሥር ቆሜ ሰምቼ? ሰምቼም ዝም ብዬ? ለእናቴ ማታ እነግራታለሁ፣ አለች በልቧ፤ ራሷም ሙሉ በሙሉ አላመነችውም።

ማታ እናቷ ኮቷን እየተኮሰች ነበር። ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ደወል የበሩን መቃን ተደግፋ ቆመች። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ፣ ብላ ከራሷ ጋር ተዋዋለች። «ነይ ስሚኝ» ካለችኝ፣ ሁሉንም።

እናት ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ደክሟል፣ ግን ፈገግ አለች። «ዘንድሮ አላስቸግርሽም የኔ ቆንጆ። ሂጂ ተኚ፣ ነገ ማለዳ ነው።»

ደግ ቃል ነበር። ደወልን ግን በሩን ፊቷ ላይ የዘጉባት ያህል አመማት። ሄዳ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ግቢው በአዲስ ቀለም ሽታና በአዲስ ጫማ ሲጥሲጥታ ተሞላ። ወላጆች ወንበር ላይ፣ ተማሪዎች በየክፍላቸው ተሰልፈው። አቶ ቆጣሪ ከረባት አስሮ መጀመሪያው ረድፍ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከእሱ ኋላ፣ ጫፍ ላይ፣ ፀጉር ሠሪዋ አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ታሰግጋለች።

እናት ደረጃው ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አደረገች። ነፋስ ስለነበር አዲሷ አጠገቧ ቆማ ወረቀቶቹን ይዛለች፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ቀጣዩን ታቀብላታለች።

«እያት፣ ስታይሏን!» አለች ከደወል ኋላ የተሰለፈችው ጓደኛዋ። «እናትሽ ልጅ ቀየረች እንዴ?»

«ባክሽ ዝም በይ።»

«እኔ ትምህርት ቤቱን የምመራ ይመስላችኋል» ብላ ጀመረች እናት። «ሐቁን ልንገራችሁ። እኔ ቁልፍ ነው የምይዘው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛችን ግማሾቻችሁን በስም፣ ግማሾቻችሁን በአረማመድ ያውቃችኋል። አምና አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትገባ አይቶ 'ዛሬ ያቺ ልጅ ደህና አይደለችም' ብሎ የነገረኝ እሱ ነው። ጥግ ላይ ያለው የአውቶቡስ ሾፌር የዘገየ ተማሪ ሲሮጥ በመስታወት አይቶ ፍሬን ይይዛል። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም 'የሰፈር ልጅ ነው' ይላል። የማን ልጅ ነው ብሎ አይጠይቅም። ጎረቤት ማለት እኔ እንደገባኝ የማን ልጅ ነው ብሎ የማይጠይቅ ሰው ነው።»

ሰው አጨበጨበ። ደወልም ሳታስበው እጇ ተነሣ። ጥሩ ነው። አዲሷ ያለችውን ሰምታ ሰዎቹን አንድ በአንድ አምጥታቸዋለች፤ ፊታቸው ይታያል። ቅናቷ እንደገና ተነሣ። እናም ከዘበኛውና ከሾፌሩ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ገባት።

ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞረች። ሴትዮዋ አፏን ከፈት አድርጋ ታዳምጣለች። ልጁ ቦርሳውን በሁለት እጁ አቅፏል።

ደወል ከሰልፉ ወጣች።

«ወዴት ነው? የስፖርት ቲቸሩ ይቆጣል!» አለች ጓደኛዋ። የስፖርት መምህሩ በርግጥም አፈጠጠባት። የሰው ሁሉ ዓይን ጀርባዋ ላይ ያረፈ መሰላት። እየሮጠች እንዳትመስል ፈጠን ፈጠን ብላ በወላጆቹ ጎን ዞራ፣ ከደረጃው ጀርባ በኩል አዲሷ ዘንድ ደረሰች።

«የፀጉር ሠሪዋ ገጽ የቱ ነው?»

አዲሷ ደንግጣ አየቻት። «ቀጣዩ። ምነው?»

«እንዳትሰጫት! ያ ከረባት ያሰረው ሰውዬ አከራይዋ ነው። ውሃውን ደብቃው ነው የሰጠችን። ከሰማ ከቤት ያስወጣታል።»

አዲሷ ፊቷ ነጣ። «እኔ ነኝ እኮ ያስገቡ ያልኳቸው…»

«አውቃለሁ። አሁን ዝለይው!»

እናት የያዘችውን ገጽ ጨርሳ ወደ ኋላ እጇን ዘረጋች። አዲሷ የላይኛውን ወረቀት ከታች አስገብታ ሌላውን አቀበለቻት። እናት አንድ መስመር ልታነብ ጀመረችና ቆመች። ወረቀቱን ገለበጠች። ዞረች። መጀመሪያ አዲሷን አየች፤ ከዚያ ከአዲሷ ኋላ ፊቷ የቀላውን ልጇን አየች። ደወል ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አይሆንም።

አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ዝም ተባለ።

እናት ወረቀቱን አጠፈችው። «እዚህ ላይ አንድ ሰው ላነሣ ነበር» አለች፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈተነች። «ግን አንዳንድ ደግ ሥራ አለ፣ ስሙ ሲጠራ የሚደነግጥ። የሠራው ሰው ራሱን ያውቃል፤ የተቀበልነውም እናውቃለን። እንዲሁ እናጨብጭብለት።»

ሰው አጨበጨበ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው አቶ ቆጣሪ ነበር። እንዲያውም ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ እጅ ነሣ። ለኮሚቴው ሥራው የተመሰገነ መስሎታል።

ፀጉር ሠሪዋ አንድ አፍታ ፊቷን በልጇ ቦርሳ ጋረደች። ስትገልጠው ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ንግግሩ አልቆ ተማሪው ወደየክፍሉ ሲተራመስ፣ እናት ሁለቱን ልጆች ይዛ ቢሮዋ ገባች። በሩን ዘግታ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

«በሉ እስቲ። ምንድን ነው የሆነው?»

ደወል ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ አደራው፣ ስለተቆፈረው ግቢ ነገረቻት። እናት እየሰማች በሄደች ቁጥር እጇ ቀስ በቀስ ወደ አፏ ሄደ። «ያቺን ምስኪን በገዛ አፌ ላፈናቅላት ነበር!» አለች መጨረሻ ላይ። ከዚያ ወደ አዲሷ ዞረች። «ልጄ፣ ገጹን ባትዘልዪው ጉድ ሆኜ ነበር። ተባረኪ።»

«እኔ አይደለሁም ቲቸር» አለች አዲሷ ቶሎ ብላ። «እሷ ናት ዝለይው ያለችኝ። እኔማ ሰውዬውንም አላውቀው።»

ዝም ብትል ኖሮ ይሻላት ነበር፣ አለች ደወል በሆዷ፤ ምስጋናውን ብትወስድና ነገሩ እዚያው ቢያበቃ። እናት ግን አሁን ደወልን ነው የምታየው።

«ውጭ ጠብቂን እስቲ» አለች አዲሷን። በሩ ሲዘጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሟን እንደምጠራ መቼ ሰማሽ?»

ጥያቄው ቀላል ነው። «ዛሬ ጠዋት» ማለት ይቻላል። «አሁን አዲሷ ነገረችኝ» ማለትም ይቻላል። እናት ታምናለች፤ ደክሟታል፣ ደስም ብሏታል፣ ማመን ትፈልጋለች። ደወል የጫማዋን አፍንጫ አየች።

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ?»

«መስኮቱ ሥር ቆሜ። ምሳሽን ላመጣ መጥቼ… ትስቁ ነበር።»

እናት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። አየቻት፤ ሒሳብ የምትሠራ ይመስላል። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። እሁድ ማታ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ።

«አምና ሳነብልሽ ስልክሽን ይዘሽ 'በቃ እማዬ፣ ሰለቸኝ' አልሽኝ» አለች በመጨረሻ። «ትዝ ይልሻል?»

ደወል ትዝ አላላትም። ከዚያ ትዝ አላት፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«እውነትሽን መሰለኝ። አድጋለች፣ አላስቸግራት አልኩ።»

«እውነቴን ነበር» አለች ደወል። «ግን ሰለቸኝ ማለት ለሌላ ሰው ስጪው ማለት አይደለም።»

እናት ካውያውን ስታስቀምጥ እንደምትስቀው አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ የልጇን አዲስ ሹሩባ ነካ አደረገች፤ ከጆሮዋ ኋላ አንድ የወጣ ፀጉር ነበር፣ መለሰችው። «ፀጉር ሠሪዋን አራት ቀን ሙሉ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ደወል የቀረውን ራሷ ጨረሰችው፤ ከሰማችው ይልቅ ያልተባለው ከበዳት።

«እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች ደወል። «ለሷ ራሴ እነግራታለሁ።»

«እሺ።»

ከግቢው የልጅ ለቅሶ መጣ። እየቆየ የሚብስ፣ ግቢውን የሚሰነጥቅ ለቅሶ ነው። በመስኮቱ አዩት፤ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ነው። እናቱ የቀሚሷን ጫፍ ከእጁ ልታላቅቅ ትታገላለች፤ እሱ ቦርሳውን እንዳዘለ መሬት ላይ ተቀምጦ አልነሣም ብሏል። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ በሌሎች ሁለት የሚያለቅሱ ልጆች ተይዛለች።

እናት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። እግሯ ሳታዘው ነው የሚነሣው፤ ልጅ ሲያለቅስ እንዲያ ናት። ደወልን ያ የምታውቀው ቅናት ተነሣባት፤ ይኸው፣ አሁንም ሄደች፣ አሁንም የሰው ልጅ። አልጠፋም። ትንሽም አላነሰም።

«ተቀመጪ እማዬ» አለች። «ምሳ እንኳን በቅጡ አትበዪም። እኔ እሄዳለሁ።»

እናት ግማሽ ተነሥታ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

አዲሷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ የጣቷን ጥፍር ትነክስ ነበር። ደወልን ስታይ ቀጥ አለች።

«ተቆጡሽ?»

«አልተቆጣችም።»

«ይቅርታ እኮ። እኔ እናትሽን… ማለቴ እዚህ ማንንም ስለማላውቅ ነው የምሄደው። ቢሯቸው ፀጥ ይላል።»

ደወል የምታውቀው ቢሮ ፀጥ ብሎ አያውቅም። ምናልባት አክስቷ ቤት የስፌት መኪናው ቀኑን ሙሉ ይጮህ ይሆናል። የአዲሷ እናት የት እንዳለች ደወል ጠይቃት አታውቅም፤ ማንም ሲጠይቃትም አልሰማችም።

«ክፍልሽን አግኝተሻል?»

«አላገኘሁም። ቁጥሮቹ ይዘላሉ።»

«ከቀለሙ በኋላ አሳስተው ነው የለጠፉት። በኋላ አሳይሻለሁ። አሁን ነይ፣ ሥራ አለን።»

ግቢው ባዶ ሆኗል። ፀጉር ሠሪዋ ሁለቱን ሲመጡ አይታ በእፎይታ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ደወል ዓይኗን ለማየት ትንሽ ቸገራት። «እትዬ፣ በኋላ እመጣለሁ፤ የምነግርሽ ነገር አለ» አለቻት። ከዚያ ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አንደኛ ክፍል መስኮቱ ትልቅ ነው» አለችው። «በሱ በኩል ያንተ ቤት ይታያል። አየህ፣ አጥሩን አልፎ ያለው። እናትህ ፀጉር ስትሠራ ታያታለህ።»

ለቅሶው በመሐል ተቋረጠ። «እሷስ ታየኛለች?»

«እጅህን ካውለበለብክ።»

አሰበበት። አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና ተነሣ። ደወል አንዱን እጁን ያዘች። ሌላኛው እጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሷ ልትይዘው ትችል ነበር፣ ሁለት እጅ አላት።

ወደ አዲሷ ዞረች።

«አንቺም ያዢው» አለቻት። «እንሂድ።»